«ሌላ» በሚል ሳጥን የታለፍን የኩላሊት ታካሚዎች፦ ለምርምር ክፍልና ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በምንታከምበት ሆስፒታል ለምርምር ክፍልና ለምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ

ግልባጭ፦ በአገራችን የኩላሊት ሕመምን ለሚያጠኑ ሐኪሞች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ወደ ኩላሊት እጥበት ክፍሎች ለሚመጡ ተማሪዎችና ለጥናት ገንዘብ ለሚመድቡ ተቋማት

ጉዳዩ፦ በእጥበት ታካሚዎች ላይ የሚካሄዱ ጥናቶችን ይመለከታል

ክቡራትና ክቡራን፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በእጥበት ክፍሉ የምንታከም ሰዎችና አስታማሚዎቻችን ተሰብስበን በተስማማነው መሠረት ነው። የሆስፒታሉን ስም አላነሣንም። የምንናገረው ችግር በአንድ ግቢ የተወሰነ አይደለም፤ በዚያው ክፍል ሌት ተቀን የሚያገለግሉን ነርሶችም በማያውቁት ጉዳይ እንዲወቀሱ አንፈልግም።

ለመጻፍ ያነሣሣን ባለፈው ወር በክፍሉ በር ላይ የተለጠፈ የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። አዲስ ጥናት ሊጀመር መሆኑን፣ ከእያንዳንዳችን ደምና ሽንት እንደሚወሰድ፣ ቃለ መጠይቁም አርባ ደቂቃ እንደሚፈጅ ይገልጻል። ከመካከላችን ሽንት የሚወጣቸው ጥቂቶች እንደሆኑ ማስታወቂያውን የጻፈው ሰው አላሰበውም። በሦስት ዓመት ውስጥ ይህ ሦስተኛው ጥናት ነው። የቀደሙት ሁለቱ ምን እንዳገኙ እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ይህንኑ ለመጠየቅ ሦስት ተወካዮች ወደ ምርምር ክፍሉ ሄደን ነበር። «ውጤቱ የሚቀርበው ለሚመለከተው አካል ነው» ተባልን። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ ብንጠይቅ መልስ ሳናገኝ ተመለስን። ያ ደም የተቀዳው ከእኛ ክንድ ነው።

እኔ ሃያ ስድስት ዓመት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ኩላሊትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ እንደሳልኩ አላስታውስም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየቀኑ አራት ሰዓት ደሜን በሚያጣራው ማሽን ላይ እውላለሁ። ግራ ክንዴ ላይ ፊስቱላ፣ ማለትም ለእጥበቱ ሲባል በቀዶ ሕክምና የተገናኙ ደም ቅዳና ደም መልስ ሥር አለኝ፤ ሌሊት ጆሮዬን ክንዴ ላይ ሳስተኛ የደሙን መንዘርዘር እሰማለሁ። እኛ ታካሚዎች ምርምርን የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። ኩላሊታችንን ምን እንደገደለው ማወቅ የማይፈልግ አንድም ሰው በክፍላችን የለም። ቅሬታችን ምርምሩ ዘግይቶ መምጣቱ፣ ከመጣም በኋላ ዋናውን ነገር ሳይጠይቅ መሄዱ፣ ከሄደም በኋላ አለመመለሱ ነው።

አንደኛ፦ ስንጠየቅ የሚመዘገበው መልሳችን አይደለም።

ባለፈው ዓመት ጥናት መረጃ የምትሰበስበዋ ልጅ ከእኔ ቀጥሎ የተኛውን ሰው ስትጠይቅ እሰማ ነበር። አልጋዎቻችን መካከል አንድ ክንድ ያህል ርቀት ቢሆን ነው። «ሥራ?» አለችው። በቅጹ ላይ የተቀመጡት አማራጮች የመንግሥት ሠራተኛ፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ አርሶ አደር፣ የቤት እመቤት፣ ተማሪና ሌላ የሚሉ ነበሩ። «ሸንኮራ እቆርጥ ነበር» አላት። ትንሽ አሰበችና «ሌላ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች። ልጅቱን አልወቅሳትም፤ ቅጹ የሰጣት ቦታ ያ ብቻ ነበር።

ይህ ሰው 41 ዓመቱ ነው። ስኳር የለበትም። ደም ግፊት እንዳለበት የተነገረው ኩላሊቱ መሞቱ በተነገረው ዕለት ነው። ከዚያ በፊት 17 ዓመት በአዋሽ ሸለቆ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሯል። እጥበቱ ረጅም ነውና ብዙ አውርተናል። ከጠዋት ጀምሮ ሲቆርጥ ውሎ እኩለ ቀን ላይ የሚሸናው ሽንት የሻይ መልክ ነበረው። ጀሪካኑ ሲያልቅ ከቦዩ ይጠጣ ነበር። ማታ ወገቡ ሲቆርጠው ከሱቅ የሚገዛ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ይውጣል፤ ያንን ለዓመታት አድርጓል። አርባ ደቂቃ የፈጀው መጠይቅ ስለ ሙቀት፣ ስለ ውሃና ስለ ማስታገሻ አንድ ጥያቄ አልነበረውም። የገቢ መጠን፣ የጋብቻ ሁኔታና ሃይማኖት ግን ነበሩበት።

ይህ ለምን እንዳንገበገበን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2002 በሳን ሳልቫዶር በሚገኘው በሮሳሌስ ሆስፒታል የሚሠሩ የኤል ሳልቫዶር ሐኪሞች አንድ ጥናት አሳተሙ። ኩላሊታቸው ሥራ አቁሞ ወደ ሆስፒታሉ ከሚመጡ አዲስ ሕመምተኞች መካከል ከሦስቱ ሁለት ያህሉ ስኳርም ሆነ ሌላ የታወቀ መንስኤ አልነበራቸውም። አብዛኞቹ ወንዶች፣ በባሕር ዳርቻው ሞቃት ቆላ የሚኖሩና በእርሻ ሥራ የተሰማሩ ነበሩ። ያ ጥያቄ ከተነሣ በኋላ በኒካራጓና በኮስታ ሪካ የሸንኮራ ቆራጮች ዘንድ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ዛሬ ሕመሙ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ የሜሶ አሜሪካ (የመካከለኛው አሜሪካ) የኩላሊት ሕመም ይባላል። መንስኤው አንድ ነው ተብሎ ባይደመደምም ከባድ የጉልበት ሥራ ከኃይለኛ ሙቀትና ከውሃ ጥም ጋር ሲደጋገም ኩላሊትን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ብዙ ማስረጃ ተከማችቷል። እርሻዎቹ ላይ ዕረፍት፣ ጥላና በቂ ውሃ የማቅረብ ሥራ የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው። ያ ሁሉ የመነጨው እንደ እኛ ያሉ፣ ማሽን ደጃፍ የደረሱ ሰዎችን «ከየት መጣህ? ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ከመጠየቅና መልሱን በወጉ ከመጻፍ ነው። እኛም አገር ወንጂ፣ መተሐራ፣ ፊንጫ፣ ኦሞ ኩራዝ የሸንኮራ እርሻ አለ። የጎረቤቴን ኩላሊት የገደለው ሙቀቱ ነው ብዬ አልደመድምም፤ ያንን የሚለየው ምርምር ነው። «ሌላ» በሚል ሳጥን ውስጥ የተቀበረ መልስ ግን ማንም ተመራማሪ ተመልሶ ሊያወጣው አይችልም።

ሌላም ልጨምር። በማዶ በኩል የምትታጠብ የ34 ዓመት ሴት አለች። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ እግርና ፊቷ አብጦ፣ ግፊቷ አሻቅቦ፣ ያለ ጊዜዋ እንድትወልድ ተደርጋለች። «ከወለድሽ በኋላ ይተውሻል» ተብላ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ሽንቷን የመረመረ የለም። በኖርዌይ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ የወሊድ መዝገብ አለ። ተመራማሪዎች ያንን መዝገብ ከኩላሊት ሕመምተኞች መዝገብ ጋር አመሳክረው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት በመጀመሪያ እርግዝናቸው ፕሪኤክላምፕሲያ (በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት መጨመር ጋር የሚመጣ ሕመም) የያዛቸው ሴቶች ከዓመታት በኋላ ኩላሊታቸው ሥራ የማቆሙ ዕድል ካልያዛቸው ሴቶች ወደ አምስት እጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አገኙት። የብዙዎቹ ሴቶች ኩላሊት ደህና ይሆናል፤ የተወሰኑት ግን ክትትል ያስፈልጋቸዋል። በእኛ ላይ በተሠሩት ሁለት ጥናቶች ግን ሴቶቹ ስንት ልጅ እንደወለዱ ብቻ ተጠይቀዋል። እርግዝናው እንዴት ነበር ያለ የለም።

ስለ ባህል መድኃኒትም የተጠየቅነው «ተጠቅመዋል? አዎ፣ አይደለም» ተብለን ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የብራስልስ ሐኪሞች ወጣት ሴቶች በተከታታይ ኩላሊታቸው ሲሞት አይተው ምን እንደወሰዱ አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የታከሙ ሆነው ተገኙ። ክሊኒኩ ይሰጣቸው በነበረው የዕፅዋት ድብልቅ ውስጥ ኩላሊትን የሚመርዝ አሪስቶሎኪክ አሲድ የያዘ ተክል ገብቶ ነበር። በ«አዎ» ብቻ ቢመዘገብ ኖሮ ያ ተክል ባልታወቀ ነበር። እኛ ስሙን እናውቃለን፤ ከየት እንደገዛነው፣ ስንት ማንኪያ እንደጠጣን እናስታውሳለን። የጠየቀን የለም እንጂ።

ሁለተኛ፦ የሕመማችን መንስኤ የሚጻፈው በግምት ነው።

በእኔ ካርድ ላይ «መንስኤ፦ የደም ግፊት» ይላል። ጽሑፉን ባየሁ ቁጥር የተማሪዎቼ ጥያቄ ትዝ ይለኛል። የደም ግፊት ኩላሊትን ይጎዳል፤ የተጎዳ ኩላሊትም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ሰውየው ሆስፒታል የደረሰው ትንፋሽ አጥሮት፣ ሳንባው ውሃ ይዞ፣ ክሪያቲኒኑ (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ) ከ12 በላይ ሆኖ ከሆነ የትኛው ቀድሞ እንደመጣ በዚያ ሰዓት ማን ያውቃል? አልትራሳውንዱ ሁለት የተጨማደዱ ትንንሽ ኩላሊቶችን ያሳያል። ከዚያ ደረጃ ላይ በባዮፕሲ ከኩላሊቱ ጥቂት ሥጋ ለናሙና ቢወሰድም የሚገኘው ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ ደግሞ መነሻውን እምብዛም አይናገርም። ስለዚህ ግፊት ስላለኝ «የደም ግፊት» ተባልኩ። ከዚያ ተማሪው መጥቶ ካርዴን ገልብጦ ቆጠረኝ። በጥናቱም «ከታካሚዎቹ ይህን ያህሉ በደም ግፊት ምክንያት» ተብሎ ተጻፈ። ግምቱ ቁጥር ሆነ፣ ቁጥሩም ማስረጃ ሆነ። ምናልባት በልጅነቴ ጉሮሮዬን ታምሜ የተከተለው የኩላሊት ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ምናልባት በዘር የመጣ ነው። ያ ዕድል በቁጥሩ ውስጥ ቦታ የለውም።

ነገሩ ለማወቅ ያህል ብቻ የሚጠየቅ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀመር ብዙዎቻችን ተስፋ አድርገናል። ለጋሹ በአብዛኛው ወንድም ወይም እህት ነው። ሕመሜ በዘር የሚተላለፍ ከሆነ ያለ ምርመራ አንዱን ኩላሊቱን የሚሰጠኝ ወንድሜ ነገ እኔ የተኛሁበት አልጋ ላይ ሊተኛ ይችላል። ሕመሜ በተተከለ ኩላሊት ላይ ተመልሶ ከሚነሣው ዓይነት ከሆነም የወንድሜ ስጦታ ሊከሽፍ ይችላል። የታናሽ ወንድሜ ሚስት «ምክንያቱ ሳይታወቅ እንዴት ልፍቀድለት?» ስትለኝ የምመልሰው አጥቼ ዝም ብያለሁ።

ሦስተኛ፦ ምርመራው አንድ ጊዜ ደም ቀድቶ መሄድ ሆኗል።

የኩላሊት ሕመም ሥር የሰደደ የሚባለው ጉዳቱ ቢያንስ ለሦስት ወር መቆየቱ ሲረጋገጥ ነው። ለዚህም ሁለት ነገር ይታያል፦ የኩላሊት የማጣራት አቅም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች መውረዱ ወይም በሽንት ውስጥ አልቡሚን የተባለ ፕሮቲን መገኘቱ። በአገራችን የሚሠሩ ብዙ ጥናቶች ግን ክሪያቲኒንን አንድ ቀን ለክተው ይደመድማሉ። በዚያ ቀን ተቅማጥ ይዞት ውሃ ያነሰው ሰው «ሥር የሰደደ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ክሪያቲኒኑ ገና ያልጨመረ፣ ሽንቱ ግን አረፋ የሚደፍቅ ሰው «ጤነኛ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የክሪያቲኒን ቁጥር ብቻውን ምን ያህል እንደሚያሳስት አንድ ምሳሌ እነሆ። አንድ የ22 ዓመት ወጣትና አንዲት የ68 ዓመት እናት ክሪያቲኒናቸው እኩል 1.3 ቢሆን፣ በስሌቱ የወጣቱ ኩላሊት የማጣራት አቅም 80 አካባቢ ሲሆን የእናቲቱ 45 አካባቢ ነው። አንዲት የክፍላችን ታካሚ ከስድስት ዓመት በፊት በሌላ ጤና ተቋም ልክ እንዲህ ያለ ወረቀት ተሰጥቷት «ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ምንም አይልም» ተብላለች። ወረቀቱን እስከ ዛሬ በፕላስቲክ ጠቅልላ በቦርሳዋ ይዛዋለች። አሳየችኝ፤ ማጠፊያው ላይ ተቀዷል፣ 1.3 የምትለዋ ቁጥር ግን በግልጽ ትታያለች። ስሌቱን የሠራላት ቢኖር ኖሮ ስድስት ዓመት በእጇ ነበር።

ስሌቱም ቢሆን የራሳችን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው በሰፊው የተሠራበት ቀመር ተመርማሪው ጥቁር ከሆነ ውጤቱን በ1.159 እንዲባዛ ያዝዝ ነበር። አሜሪካውያን ራሳቸው ይህንን እ.ኤ.አ. በ2021 ሰርዘውታል። በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመው ጥናት የኩላሊትን አቅም በቀጥታ ለክቶ ሲያነጻጽር በክሪያቲኒን ላይ የተመሠረቱት ቀመሮች የአፍሪካውያኑን ኩላሊት ከእውነተኛ አቅሙ በላይ አድርገው እንደሚያሳዩ አግኝቷል። ሕመም እያለ የለም እንደማለት ነው።

«ጥቁር» የሚለው ምድብ ራሱ እኛን እንደማይገልጸን የሚያሳይ ሌላ ማስረጃም አለ። የምዕራብ አፍሪካ ዝርያ ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ የሚገኝ፣ አፖኤል1 በተባለ ጂን ላይ የሚታይ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ተደርሶበታል። ለውጡ በጼጼ ዝንብ ንክሻ ከሚተላለፈው የእንቅልፍ በሽታ ይከላከላል፤ ከሁለቱም ወላጆች የወረሰውን ሰው ግን ለኩላሊት ሕመም ያጋልጠዋል። በቀጣዩ ዓመት በእስራኤል በሚኖሩ፣ የኤች አይ ቪ ቫይረስ በደማቸው ባለ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገ ጥናት ያ አደገኛ ለውጥ እንደሌለባቸው፣ በቫይረሱ ምክንያት የሚመጣው ልዩ የኩላሊት ሕመምም እንዳልታየባቸው አሳይቷል። ስለ ኢትዮጵያዊ ኩላሊት ይህን ያህል ትልቅ ነገር የታወቀው በእስራኤሏ ከተማ በሐይፋ ነው። እዚህ፣ እኛ ባለንበት ምን ሊታወቅ ይችል እንደነበረ ሳስብ እቆጫለሁ። መድኃኒቱም እንደዚያው ነው። ዳፓግሊፍሎዚን የኩላሊትን መድከም እንደሚያዘገይ ያረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ሙከራ በ21 አገሮች 4,304 ሰዎችን አሳትፏል፤ ከአገሮቹ መካከል አንድም የአፍሪካ አገር አልነበረም።

አራተኛ፦ የሞቱትን ጠፉ ትላላችሁ።

ከመጀመሪያው ጥናት የታተመ አንድ ገጽ ማጠቃለያ በአጋጣሚ እጃችን ገባ፤ የአንድ አስታማሚ ልጅ ናት በኢንተርኔት አግኝታ ያተመችው። ከሰንጠረዡ በታች በደቃቅ ፊደል ዘጠኝ ሰዎች «ከክትትል የጠፉ በመሆናቸው ከትንተናው ወጥተዋል» ይላል። በዕለቱ ክፍል ውስጥ የነበርነው ዘጠኙን በስም ቆጠርናቸው። ከዘጠኙ በሰባቱ ለቅሶ ላይ ነበርን።

አንደኛው ከእኔ ጋር አንድ ቀን እጥበት የጀመረ የታክሲ ሹፌር ነበር። በመጀመሪያው ዓመት በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣ ነበር። መኪናውን ሸጠ። ከዚያ ሁለት ጊዜ ሆነ። ልጁን ከግል ትምህርት ቤት አስወጣ። ከዚያ ገንዘብ ሲገኝ ብቻ ይመጣ ጀመር፤ ሲመጣ ሚዛን ላይ ስድስት ኪሎ ውሃ ተሸክሞ ይቆማል፤ ነርሷ ቁጥሩን ስትጽፍ አንገቱን ይደፋል። አንድ ማክሰኞ ቀረ። ሐሙስ ቀረ። ዓርብ ማታ ልቡ ቆመ አሉን፤ ፖታሲየም ሲጠራቀም የሚያደርገው ያንን ነው። ይህ ሰው አልጠፋም። ቤቱን እናውቃለን፤ ሚስቱን በየበዓሉ እንጠይቃታለን። የጥናቱ ባለቤት አንድ ስልክ ቢደውል ኖሮ ስለ ኩላሊት ሕመም መዘዝ ካሳተመው ሁሉ የበለጠ ነገር ይረዳ ነበር፦ ሰው በአገራችን እጥበት ላይ ሆኖ የሚሞተው በምን እንደሆነ፣ በስንተኛው ወር እንደሆነ፣ ሳምንታዊው እጥበት ከሦስት ወደ ሁለት ሲወርድ ምን እንደሚከተል። በሕይወት ያለነውንና መክፈል የቻልነውን ብቻ ቆጥሮ ስለ ሕመሙ መጻፍ ትክክል አይደለም።

አምስተኛ፦ ውጤቱ ለሕክምናችን አልደረሰም።

ሁለተኛው ጥናት ስለ አጥንት ነበር። ኩላሊት ሲደክም ፎስፌት ይጠራቀማል፣ ቫይታሚን ዲ ሥራ ላይ የሚውልበት መንገድ ይዘጋል፣ ፓራታይሮይድ ሆርሞን ያሻቅብና ካልሲየሙን ከአጥንት ይቦረቡራል። የዚህ ሆርሞን ምርመራ ውድ በመሆኑ አብዛኞቻችን በራሳችን አሠርተነው አናውቅም። ጥናቱ በነጻ ለካልን፤ ደስ ብሎን ሰጠን። ውጤቱ ግን ወደ ካርዳችን አልገባም። አንዲት እህታችን ደረጃ ስትወጣ ጭኗን እያቃጠላት ዓመት ከመንፈቅ በማስታገሻ ስትንገላታ ቆይታ በመጨረሻ ዘመዶቿ ገንዘብ አዋጥተው አስመረመሯት፤ ሆርሞኑ እጅግ ከፍ ብሎ ተገኘ። ያው ምርመራ ከአሥራ ስድስት ወር በፊት ተሠርቶ በአንድ ተመራማሪ ኮምፒውተር ውስጥ ተቀምጦ ነበር። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ያንን ጥናት ሲያጸድቅ ውጤቱ ለታካሚው እንዴት እንደሚደርስ ጠይቆ ነበር? የፈረምነውን የፈቃደኝነት ቅጽ ደግመን አነበብነው፤ ስለ ምስጢር ጥበቃ አንድ አንቀጽ አለው፣ ስለ ውጤት ግን አንድ መስመር የለውም። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምርን ሥነ ምግባር የሚመራውና እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ አሁን ባለው ይዘቱ ተሳታፊዎች ስለ ጥናቱ አጠቃላይ ውጤት የመነገር ምርጫ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ይደነግጋል። እኛ ያ ምርጫ አልቀረበልንም።

እንግዲህ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

የቀደሙት ሁለት ጥናቶች ግኝት በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በሁለት ገጽ ተጽፎ ይሰጠን፤ ተመራማሪዎቹም አንድ ቀን መጥተው በቃል ያስረዱን። በጥናቱ የተለኩ የግል ምርመራዎቻችን በሙሉ ወደ ካርዳችን ይግቡ። ይህ እስኪፈጸም ድረስ በሦስተኛው ጥናት ላይ ፈቃዳችንን አንሰጥም። እጥበታችን በዚህ ምክንያት እንደማይጓደል በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን እንፈልጋለን፤ ከመካከላችን ይህን የፈሩ አሉና።

ከአሁን በኋላ የሚጸድቅ ማንኛውም መጠይቅ የሥራ ታሪክን ከነቦታውና ከነዓመቱ፣ የሙቀትና የመጠጥ ውሃን ሁኔታ፣ የማስታገሻ ክኒንና የባህል መድኃኒትን በስምና በመጠን፣ የእርግዝና ታሪክንም እንዲይዝ ኮሚቴው ግዴታ ያድርግ። ቅጹ ከመጽደቁ በፊት ሁለት ታካሚዎች ያንብቡት። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

መንስኤው ያልታወቀ ሰው «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ። ባዮፕሲ ትርጉም የሚኖረው ኩላሊቱ ሳይጨማደድ ነውና ናሙናውን በወጉ የሚያነብ ባለሙያ ያለበት ማዕከል ቀድመው ለሚመጡ ሕመምተኞች ይዘጋጅ። ክሪያቲኒን የሚለካ ላቦራቶሪ የማጣራት አቅሙን አስልቶ፣ በየትኛው ቀመር እንዳሰላውም ጠቅሶ በወረቀቱ ላይ ያስፍር።

የሞቱትን የሚቆጥር የታካሚዎች መዝገብ ይከፈት። በአንድ ሆስፒታል በአንድ ደብተር ቢጀመርም እኛ እንረዳለን፤ የቀረ ሰው ቤት ድረስ የሚሄድ፣ ስልክ የሚደውል ከመካከላችን አይጠፋም።

ለጥናት ገንዘብ የምትመድቡ ደግሞ ቀጣዩን ብር ወደ እጥበት ክፍል አታምጡት። ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ስኳርና ደም ግፊት ክትትል ክፍል፣ ወደ እርሻ ማሳው ውሰዱት። ማሽን ሳያስፈልገው በፊት የሰውየው ሽንት ይታይ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ኩላሊት ጤና የውሳኔ ሐሳብ አጽድቋል፤ የሚለውም አስቀድሞ ስለ መከላከልና ስለ መለየት ነው። የጎረቤቴ ሁለት ወንድሞች ዛሬም ሸንኮራ ይቆርጣሉ። ምርመራው ከእነርሱ ይጀመር።

ለዚህ ደብዳቤ የምትሰጡትን ምላሽ ማስታወቂያው በተለጠፈበት በዚያው በር ላይ ለጥፉልን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ የምንመጣም፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የሚመጡትም ሁላችንም በዚያ በር እናልፋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

የእጥበት ክፍሉ ታካሚዎችና አስታማሚዎች ተወካይ፣
የቀድሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር